ሰርግ፣ ክበብ፣ ዩቲዩብ ወይስ ፊርማ? በራሱ ለሚሠራ ሙዚቀኛ የእንጀራ መንገዶች ንጽጽር

2012 ዓ.ም.ን ያሳለፈ ሙዚቀኛ የምለው ቶሎ ይገባዋል። መጋቢት ላይ ኮቪድ ሲገባ የአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች ተዘጉ። ሰርግ ቀረ፣ ኮንሰርት ቀረ። «በቃ፣ ከእንግዲህ ዩቲዩብ ነው» ያለው ብዙ ነበር። ሰኔ 23 ደግሞ፣ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። እስኪመለስ ሳምንታት አለፉ። በአራት ወር ውስጥ መድረኩም ስልኩም ተዘጋ ማለት ነው።

ስለዚህ «ስንት የገቢ ምንጭ አለኝ?» ብሎ መቁጠር ብቻውን ያታልላል። ክበብ፣ ሰርግና ኮንሰርት ሲቆጠሩ ሦስት ናቸው። ሰው መሰብሰብ ሲከለከል ግን ሦስቱም በአንድ ቀን ይቆማሉ። እኔ እንደ አንድ ነው የምቆጥራቸው። ዩቲዩብና ቲክቶክም ያው ናቸው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ። (ውጭ አገር አድማጭ ያለው ሰው ግን ይለያል፤ እመለስበታለሁ።)

ከዚህ በታች መንገዶቹን እያጣመርኩ አወዳድራለሁ። የማነሳቸው ጥያቄዎች ሁሌም ተመሳሳይ ናቸው። ብሩ መቼ ነው እጅ የሚገባው? ምን ያስቆመዋል? ዘፈኑ በመጨረሻ የማን ሆኖ ይቀራል? ጽሑፉ ገና አልበም ላላወጣ፣ ወይም አንድ ሁለት ነጠላ ዜማ ለቅቆ «አሁንስ ምን ላድርግ?» ለሚል ሰው ነው። ድምፃዊም ይሁን ኪቦርዲስት፣ ማሲንቆ መቺም ይሁን አቀናባሪ ለውጥ የለውም።

ክበብ ወይስ ሰርግ?

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ምርጫ ይህ ነው።

ክበብ ትምህርት ቤት ነው። በሳምንት ሦስት ምሽት የሚዘፍን ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ መቶ ዘፈን ይይዛል። ባንድ እንዴት እንደሚመራ ያውቃል። የሰከረ ሰው ማይክ ሲቀማው ምን እንደሚያደርግም ይማራል። ክፍያው አነስተኛ ቢሆንም ይታወቃል፤ የቤት ኪራይ ይሸፍናል። ችግሩ ታዳሚው የመጣው ጥላሁንን፣ ማህሙድንና አስቴርን ሊሰማ ነው። የራሳችሁን ዘፈን ስትጀምሩ ሰው ስልኩን ያወጣል። ይህን ለዓመታት የቻለ ሰው «የእገሌን ዘፈን አሳምሮ የሚዘፍነው ልጅ» ሆኖ ይቀራል።

ሌላው ችግር ቤቱ የእናንተ አለመሆኑ ነው። ጥር 2007 ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል እዚያው የነበረው የጃዝ ክበብ ጃዛምባ አብሮ ሄደ። ካዛንቺስ ሲፈርስ በሰፈሩ የነበሩ የሙዚቃና የአዝማሪ ቤቶችም ተነሱ። ባለቤቱ ቤቱን ወደ ሺሻ ቤት ወይም ወደ ሬስቶራንት ሲቀይር ደግሞ ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም። አብዛኛው የክበብ ሥራ የወረቀት ውል የለውም።

ሰርግ ሌላ ነገር ነው። የአንድ ቀን ክፍያው የብዙ ምሽት የክበብ ገቢ ያህላል። ቀብድ ይከፈላል። ግን ካላንደሩ የእናንተ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ነው። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ ፋታ የለም። ከዚያ 55 ቀን ዝም ይላል። ከፋሲካ በኋላ ይነሳል፣ የሐዋርያት ጾም ሲገባ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ክረምትና ፍልሰታ ይመጣሉ። የሙስሊም ሰርግ የሚሠራ ሰው ደግሞ ረመዳንን ያስባል። ሁለቱንም ወገን የሚያስተናግድ ባንድ ክፍተቱ ያንሳል፤ ሁለቱ ካላንደሮች ሁሌ አይገጥሙምና።

ጥር ላይ አንድ የሰርግ ቀን ይህን ይመስላል። ሳውንዱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አዳራሽ ይገባል። ሙሽሮቹ ስምንት ሰዓት ይገባሉ ተብሎ አሥር ሰዓት ይመጣሉ። ኪቦርዲስቱ እስከዚያ ቀስ ያለ ነገር እየነካካ ይቆያል። ሙሽሮች ገብተው እንግዳው እንደበላ ዙሩ ይጀመራል። ከጉራጊኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከጎጃም እስክስታ ወደ ትግርኛ፣ ከዚያ ወሎ። የሙሽራው አባት ከየት እንደሆኑ ቀድሞ ያልጠየቀ ዘፋኝ እዚህ ላይ ይጋለጣል። ከዚያ አንድ አጎት ተነስተው ብር ግንባር ላይ ይለጥፋሉ። ሌላው ይከተላል። አንዳንድ ቀን ይህ ሽልማት ከዋናው ክፍያ ጋር ይቀራረባል።

ሽልማቱ የዘፋኙ ነው ወይስ የባንዱ? ይህን አስቀድሞ ያልተነጋገረ ባንድ ማታ ሚኒባስ ውስጥ ይጣላል። ጥሩ ተጫዋቾች በገንዘብ ማነስ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ሲለያዩ አይቻለሁ። በቁጥር ተስማሙ፤ ለምሳሌ ግማሹ ለዘፋኙ፣ ግማሹ ለሌላው እኩል። ቁጥሩ ምንም ይሁን፣ ከሰርጉ በፊት ይወሰን።

የኔ ፍርድ፦ ገና ለሚጀምር ሰው ክበብ ይቀድማል፤ ለዕውቀቱ ስል ነው። ከዚያ በኋላ ክበቡን ወደ ሁለት ምሽት አውርዳችሁ ሰርግን በወቅቱ ጨምሩ። አምስት ምሽት ክበብ የሚሠራ ሰው ስቱዲዮ የሚገባበት ድምፅም ጊዜም አይተርፈውም። የጥርን ገንዘብ ደግሞ ለሁለት ክፈሉት። አንዱ የጾሙ ወር ቀለብ ነው፣ ሌላው የቀጣዩ ነጠላ ዜማ። ሁለቱ አንድ ኪስ ውስጥ ከተቀመጡ ቀለቡ ያሸንፋል።

ዩቲዩብ፣ ማሰራጫ ወይስ የአገር ውስጥ መተግበሪያ?

ስለ ዩቲዩብ የሚወራው ግማሹ ወሬ ነው። በእርግጠኛነት የሚታወቀውን ላስቀምጥ። ከማስታወቂያ ሙሉ ድርሻ ለማግኘት 1,000 ሰብስክራይበር ያስፈልጋል። በተጨማሪ ወይ ባለፉት 12 ወራት 4,000 የዕይታ ሰዓት፣ ወይ ባለፉት 90 ቀናት 10 ሚሊዮን የሾርትስ (የአጫጭር ቪዲዮ) ዕይታ። በረጃጅም ቪዲዮዎች ላይ ከሚገኘው የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶው ለቻናሉ ባለቤት ነው፤ በሾርትስ 45 በመቶ። ሂሳቡ 100 ዶላር ካልሞላ ክፍያ አይወጣም።

ሰው የሚዘነጋው ዋጋውን የሚወስነው ተመልካቹ ያለበት አገር መሆኑን ነው። አሜሪካና አውሮፓ ያለ ሰው አንዴ ሲያያችሁ የሚገኘው ገንዘብ ሐዋሳ ያለው ከሚያስገኘው እጅግ ይበልጣል። አስተዋዋቂው የሚከፍለው ስለሚለያይ ነው። ስለዚህ ሁለት ክሊፖች እኩል ሚሊዮን ዕይታ ኖሯቸው አንዱ ከሌላው ብዙ እጥፍ ሊከፍል ይችላል። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ስቶክሆልም የሚሰማ ሙዚቃ ያለው ሰው እዚህ ኔትወርክ ቢጠፋ እንኳ ቻናሉ መሥራቱን አያቆምም።

ዩቲዩብ የሚያስሞላውን የአሜሪካ የታክስ ፎርም ችላ አትበሉ። ፎርሙን ያልሞላ ግለሰብ ከጠቅላላ ገቢው እስከ 24 በመቶ ሊቆረጥበት ይችላል። የሞላ ሰው ላይ የሚቆረጠው ከአሜሪካ ተመልካች ከመጣው ገቢ ብቻ ነው። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ፎርም ነው።

ብዙ ሰው ደግሞ ክፍያውን ለማቅለል ቻናሉን ውጭ ባለ ዘመድ ስም ያስከፍታል። በሰው ስም እንደተሠራ ቤት ነው፤ ፍቅር እስካለ ድረስ ጥሩ ነው። ግድ ከሆነ ቢያንስ የይለፍ ቃሉና የመልሶ ማግኛ ኢሜይሉ እናንተ ጋ ይሁን። ከዘመዱም ጋር አንድ ገጽ ስምምነት ተፈራረሙ። «ከአክስቴ ልጅ ጋር ምን ውል ያስፈልጋል?» የሚለው ሰው ነው ኋላ ሽማግሌ የሚሰበስበው።

ዘፈኑን ወደ ስፖቲፋይ፣ አፕል ሙዚክና ወደ መሰሎቻቸው የሚያደርሱት ማሰራጫዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። እንደ ዲስትሮኪድ ያለው በየዓመቱ ያስከፍልና ከገቢው ድርሻ አይወስድም። ግን ዓመታዊ ክፍያው ሲቋረጥ፣ ተጨማሪ ካልተከፈለ በቀር፣ ዘፈኑ ሊወርድ ይችላል። እንደ ሲዲ ቤቢ ያለው አንዴ ያስከፍልና ከገቢው 9 በመቶ ይይዛል። ዘፈኑ ይቆያል። በዓመት ብዙ ነጠላ ዜማ ለሚለቅ ሰው የመጀመሪያው ይረክሳል። በሁለት ዓመት አንዴ ለሚለቅ፣ ወይም ዓመታዊ ክፍያ በዶላር መላክ ራስ ምታት ለሚሆንበት ሰው፣ ሁለተኛው ይሻላል። እዚህ አገር ሆኖ የውጭ ምንዛሪ መክፈል ቀላል ስላልሆነ እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ።

ከስፖቲፋይ ብቻ የቤት ወጪ የሚሸፍን ጀማሪ አላውቅም። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በ12 ወራት ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ምንም አይከፈለውም። ማሰራጫው የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው። ዘፈኑ በስማችሁ መመዝገቡ፣ ውጭ ያለ ፕሮሞተር ስማችሁን ሲፈልግ ማግኘቱ፣ ሌላ ሰው በዩቲዩብ ሲጠቀምበት ገንዘቡ ወደ እናንተ መዞሩ።

እንደ አውታርና ሰዋስው ያሉ የአገር ውስጥ መተግበሪያዎች አንድ ነገር አቅልለዋል። አድማጩ ዶላርም ክሬዲት ካርድም አያስፈልገውም፤ በብር ይከፍላል። የኢትዮ ቴሌኮም የጥሪ ማሳመሪያም አለ። ብዙ ወጣት ይንቀዋል፤ እኔ አልንቀውም። ስልክ ሲደወል የሚሰማ አጭር ዜማ ስማርት ስልክ የሌለው ሰው ጋ ይደርሳል። መንፈሳዊ ይሁን የሰርግ፣ መግቢያው የሚያዝ ዘፈን ያለው ሰው ይሞክረው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። በብር የተዋዋለ የክበብ ዘፋኝ ክፍያው እዚያው ቆሞ ዘይቱና ጤፉ ሄዱበት። ከዩቲዩብ በወር ትንሽ ዶላር የምታገኝ ልጅ ግን ያቺው ዶላር በብር እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። ትንሽ ቢሆንም አንድ ገቢ በውጭ ምንዛሪ ይኑራችሁ የምለው ለዚህ ነው።

ራስን ማሳተም ወይስ ለአሳታሚ መፈረም?

ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ምርጫ ይህ ነው። ሌላው ስህተት ይታረማል። የተፈረመ ወረቀት ግን ልጆቻችሁም ጋ ይደርሳል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነበር። ያኔ ሸክላ የማሳተም መብቱ በመንግሥት ለሀገር ፍቅር ቴአትር የተሰጠ ነበር። እሱ ግን አሳተመ። እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ። ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን» እያለ የሚሰማው ሙዚቃ ብዙው ከዚያ የወጣ ነው። ቀጥሎ የመጣው የካሴት ዘመን ሌላ ልማድ ይዞ መጣ። ድምፃዊው ማስተሩን፣ ማለትም ዋናውን ቅጂ ከነመብቱ፣ ለሙዚቃ ቤት አንዴ ይሸጣል፣ ገንዘቡን ቆጥሮ ይወጣል። ካሴቱ ሚሊዮን ቢሸጥም ሺህ ቢሸጥም ለእሱ ያው ነው። ኋላ ሲዲ ሲመጣ፣ ከዚያ ኢንተርኔት ሲመጣ፣ ዘፈኑ እንደገና ብር ሲሠራ ብዙዎቹ ዘፋኞች ድርሻ አልነበራቸውም።

ዛሬ የሚቀርብላችሁ ውል ላይ አንድ ሐረግ ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ገጽ አካባቢ ነው። «አሁን ባለውና ወደፊት በሚፈጠር ማናቸውም ቴክኖሎጂ፣ በመላው ዓለም፣ ያለ ጊዜ ገደብ» ይላል። የካሴቱ ዘመን በሙሉ በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ። እዚያ ላይ ቆሙ። «ያለ ጊዜ ገደብ» የሚለው ወደ አምስት ወይም ሰባት ዓመት ይቀየራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የማይቀየር ከሆነ ዋጋው መጨመር አለበት። ዋጋውም ካልጨመረ ወደ ቤት ሂዱ።

ከዚያ የቅድሚያ ክፍያውን ተመልከቱ። ስጦታ ነው ወይስ ከገቢያችሁ የሚቀነስ? የክሊፕ፣ የስቱዲዮና የማስታወቂያ ወጪስ ከማን ድርሻ ይነሳል? ሂሳቡን በዓመት ስንት ጊዜ ማየት ትችላላችሁ? «ሂሳቡን እናሳያለን» ብሎ መቼና እንዴት የማይል ውል ምንም አላለም። ምኑን እንደምትሰጡም ለዩ። ማስተሩን መስጠትና የማሰራጨት ፈቃድ ብቻ መስጠት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ሕጉ ከምታስቡት በላይ ከእናንተ ጋር ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግጥምና ዜማ ደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ኢኮኖሚያዊ መብት ይሰጣል። ከዋኙና የድምፅ ቅጂ አዘጋጁ ደግሞ የየራሳቸው ተዛማጅ መብት አላቸው። በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ሲሻሻል ደግሞ ማኅበራት ሮያሊቲ (ዘፈኑ በተሠራበት ቁጥር ለባለመብቱ የሚከፈል ድርሻ) በጋራ የሚሰበስቡበት መንገድ ተከፈተ። አንድ ዘፈን ላይ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ባለመብት አለ ማለት ነው። ጭቅጭቁም ከዚህ ይጀምራል።

ራሳችሁን ብታሳትሙም ታዲያ ከወረቀት አታመልጡም። ግጥሙን ጓደኛችሁ ሰጣችሁ፣ ዜማውን ሌላ ሰው ሠራው፣ ቅንብሩን ስቱዲዮው። ዘፈኑ ዝም ካለ ማንም አይናገርም። ከሠራ ግን ሦስቱም «የኔ ነው» ይላሉ። ቅሬታቸውን ዩቲዩብ ላይ ካቀረቡ ቪዲዮው ይወርዳል፤ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ከተደገመ ቻናሉም ይዘጋል። ስለዚህ ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ገጽ ጻፉ። የዘፈኑ ስም፣ ቀን፣ ማን ምን ሠራ፣ ክፍያው አንዴ የተጠናቀቀ ነው ወይስ ፐርሰንት ይቀጥላል፣ ፊርማ፣ ሁለት እማኝ። ስልክ ላይ ፎቶ አንሱና ለሁሉም ላኩ። «ወንድሜ፣ በመካከላችን ወረቀት?» የሚል ሰው አይጠፋም። ሳቁና አስፈርሙ።

ታዲያ መቼ ነው መፈረም የሚያዋጣው? ስም ካላችሁና ሌላው ወገን የሌላችሁን ነገር ካመጣ። ሮፍናን በ2021 እ.ኤ.አ. ከዩኒቨርሳል ሙዚክ ጋር ሲፈራረም መጀመሪያ በራሱ ሥራ አድማጭ ሰብስቦ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጠው ነገር አለው። ምንም ሳይለቅ የሚፈርም ሰው ግን የሚደራደርበት የለውም። ስለዚህ ለጀማሪው መልሴ አጭር ነው፤ መጀመሪያ ሦስት አራት ነጠላ ዜማ በራሳችሁ ልቀቁ፣ ከዚያ ስለ ፊርማ እናውራ። ከተቻለ ደግሞ አንድ ዘፈን ወይም አንድ አልበም ፈርሙ እንጂ ራሳችሁን በሙሉ አትፈርሙ።

ውጭ አገር መዝፈን

ሁሉም የሚመኘው ይህን ነው። ገንዘቡ እውነት ነው። በየዓመቱ ጁላይ መጀመሪያ ላይ በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ሲካሄድ፣ ቀን ኳስ ነው፣ ማታ ማታ ደግሞ ሙዚቃ። ለአዲስ ዓመትና ለፈረንጆች ገናም ዱባይ፣ ቴል አቪቭና አውሮፓ ሥራ አለ።

ግን በዕቅድ ውስጥ እንደ ምሰሶ አትቁጠሩት። ቪዛ ሊከለከል ይችላል፣ ፕሮሞተሩም በመጨረሻው ሰዓት ሊሰርዝ ይችላል። አሜሪካ ለባህላዊ ሥራ የሚሰጥ ፒ-3 የሚባል ቪዛ አለ። ማመልከቻውን የሚያስገባው እዚያ ያለው ወገን ነው። «በቱሪስት ቪዛ ግባና ዝፈን» የሚል ፕሮሞተር ችግሩን ለእናንተ ትቶ ይሄዳል። ነዋሪ ላልሆነ አርቲስት ከሚከፈለው ላይ 30 በመቶ ታክስ የሚያስቀንስ ደንብም አለ፤ ስለዚህ የተባላችሁት ቁጥር ከታክስ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብላችሁ ጠይቁ። ግማሹ ክፍያ አውሮፕላን ከመሳፈራችሁ በፊት፣ ቀሪው መድረክ ከመውጣታችሁ በፊት። ከመድረክ በኋላ የሚባል ክፍያ የለም ብላችሁ ያዙት።

ከመድረክ ጀርባ ያለው ሥራ

ስም አያወጣም። በ2012 የተረፉት ግን ብዙዎቹ እዚህ ነበሩ። ጂንግል (አጭር የማስታወቂያ ዜማ)፣ የፊልምና የድራማ ሙዚቃ፣ ለሌላ ሰው ቅንብር፣ ለሌላ ሰው ዜማ፣ ማስተማር። ቤት ቁጭ ብሎ በላፕቶፕና በአንድ ማይክ የሚሠራ ጂንግል ክበብ ሲዘጋ አይቆምም። ኢንተርኔት ቢጠፋም በፍላሽ ይደርሳል።

ከእነዚህ ውስጥ ማስተማርን አስቀድማለሁ። የኪቦርድ፣ የጊታርና የክራር ተማሪ በወር ይከፍላል። ወላጅ በጾምም ይከፍላል። አምስት ተማሪ ያለው ሰው የጾሙን ወር ያለ ብድር ያልፋል። ጂንግል በአንድ ሥራ የተሻለ ይከፍላል፤ ግን ደንበኛው ኤጀንሲ ከሆነ ክፍያው ወራት ሊዘገይ ይችላል። ዜማና ግጥም ለሌላ መስጠት ደግሞ ረጅሙ ጨዋታ ነው፤ የሚያዋጣው ከላይ ያልኩት አንድ ገጽ ወረቀት ካለ ብቻ ነው።

የደመወዝ ሥራም አለ። ብሔራዊ ቴአትር፣ ሀገር ፍቅር፣ በየከተማውና በየዞኑ ያሉ የባህል ቡድኖች ሙዚቀኛ ይቀጥራሉ። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ጡረታ ግን አለው። የቤተሰብ ኃላፊነት ላለበት ሰው መናቅ የለበትም።

እንዲህ የተዘረጋ ሕይወት ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሙላቱ አስታጥቄን ይመልከት። ደርሷል፣ አቀናብሯል፣ አዲስ አበባ ውስጥ የራሱን ጃዝ ቤት ከፍቷል፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ውስጥ በራድክሊፍ ተቋም ክራርን በማዘመን ላይ ሠርቷል። ወጣት እያለ የቀዳቸው ሥራዎች በ2005 እ.ኤ.አ. በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ሲገቡ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። ዓለም በሰፊው ያወቀው ያኔ ነው።

ኃይሉ መርጊያ ደግሞ ሌላኛው መንገድ ነው። የዋሊያስ ባንድ ኪቦርዲስት ነበር። ዋሽንግተን ቀረ፣ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን መኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ ዳለስ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. የቀዳው ካሴት በ2013 እ.ኤ.አ. ውጭ አገር ዳግም ታተመ። ከዚያ በኋላ ዓለም ዙሪያ መድረክ ላይ ወጣ፣ አዲስ አልበምም ሠራ። ታክሲው ሙዚቃውን አልገደለውም፤ ለማንም ሳይሸጥ እንዲቆይ ያደረገው እንዲያውም ታክሲው ይመስለኛል። ስለዚህ «ሌላ ሥራ ከያዝኩ ሙዚቀኛ አይደለሁም» የሚለውን ወሬ ተዉት።

የትኛው ለማን?

አዲስ አበባ ያላችሁ ድምፃውያን፦ ሁለት ምሽት ክበብ፣ በወቅቱ ሰርግ፣ በዓመት ሦስት ነጠላ ዜማ በራሳችሁ ስም፣ ጥቂት ተማሪ። ክበቡ ከወደቀ ሰርግም አብሮ ሊወድቅ ይችላል፤ ተማሪዎቹና ዘፈኖቹ ግን ይቆያሉ። ክሊፕ ላይ ሀብታችሁን አታፍስሱ። በአንድ ክሊፕ ወጪ ሦስት ዘፈን በጥሩ ሚክሲንግና ማስተሪንግ ይወጣል።

ባህር ዳር፣ ደሴ ወይም ሐዋሳ ላላችሁ ክበቡ ጥቂት ነው፤ ሰርጉ ግን አለ። የከተማው ኤፍ ኤም ጂንግል ይፈልጋል፣ ሆቴሎቹም ማስታወቂያ ያሠራሉ። ፉክክሩ ከአዲስ አበባ ያነሰ ነው። የባህል ቡድን ቅጥር ካገኛችሁ ያዙትና ቅዳሜ እሁድን ለራሳችሁ አስቀሩ።

መሣሪያ ተጫዋቾች ከዘፋኞች ይልቅ ዕድለኞች ናችሁ። ዘፋኝ ይለዋወጣል፣ ጥሩ ቤዝ ተጫዋች ግን ሁሉም ይፈልገዋል። አደጋችሁ ዕድሜ ልክ በቀን ክፍያ መቅረት ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ቅንብር መማር ነው።

ውጭ አገር ሆናችሁ በአማርኛ የምትሠሩ ደግሞ እዚህ ላለን ገና ያልጠነከረ ነገር አላችሁ፤ ገንዘብ የሚሰበስቡላችሁ ማኅበራት። አሜሪካ ያላችሁ ለደራሲነታችሁ አስካፕ ወይም ቢኤምአይ፣ ለድምፃችሁ ደግሞ ሳውንድኤክስቼንጅ ላይ ተመዝገቡ። የኢንተርኔትና የሳተላይት ሬዲዮ ክፍያ ሲከፋፈል 45 በመቶው በቀጥታ ለዋናው ድምፃዊ ነው፤ 50 በመቶው ለማስተሩ ባለቤት። ማስተሩ የራሳችሁ ከሆነ ሁለቱም የእናንተ ናቸው። እስራኤል ያላችሁ ለግጥምና ዜማ አኩም፣ ለከዋኝነት ኤሽኮሎት አሉ። ጀርመን ጌማ፣ ስዊድን ስቲም፣ እንግሊዝ ፒአርኤስ። የሳውንድኤክስቼንጅ ምዝገባ ነጻ ነው፤ ዘፈኑ ከመውጣቱ በፊት መመዝገብ ይሻላል፣ ከወጣ በኋላም ግን አይከለከልም።